የኦንላይን ኮርስ «ተደራሽነት» ምንድን ነው?

«ተደራሽ» የሚለውን ቃል ዜና አሰልችቶናል። መብራት ተደራሽ ሆነ፣ ኔትወርክ ተደራሽ ሆነ ሲባል ገጠር ቀበሌው ድረስ ገባ ማለት ነው። ለኦንላይን ኮርስ ግን ይህ ትርጉም አይበቃም። ሊንኩ ተማሪው ስልክ ላይ ገብቷል እንበል፤ ከፍቶት መማርስ ይችላል? ማየት ወይም መስማት የተሳነው፣ ወይም ማውስ ለመያዝ እጁ የማይታዘዝለት ተማሪ፣ አጠገቡ ረዳት ሳያስቀምጥ ከምዝገባው እስከ ፈተናው ከዘለቀ ያ ኮርስ ተደራሽ ነው።

እኔ ነገሩ የገባኝ ከዚራ በሚባለው የድሬዳዋ ሰፈር፣ ዛፍ ጥላ ሥር፣ ቡና ይዤ ነው። እዚያው ከተማ ለአንድ ኮሌጅ ሞጁሎችን ወደ ኦንላይን የማዞር ሥራ ነበረኝ። አንድ ዓይነ ስውር ተማሪ ላፕቶፑን ይዞ መጣና አንዱን ኢርፎን ለእኔ ሰጠኝ። የሚጠቀመው በኤንቪዲኤ ነው፤ ስክሪን ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብ፣ ስክሪን ሪደር ከሚባሉት አንዱ፣ በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም ነው። የመጀመሪያውን ሞጁል ከፈተ። «ኢምፕቲ ፔጅ» አለ ድምፁ። ቀጣዩም ገጽ፣ «ኢምፕቲ ፔጅ»። 84 ገጹን በሙሉ እኔው ራሴ ነኝ ስካን ያደረግኩት፤ ተጣሞ እንዳይወጣ እያንዳንዷን ወረቀት በእጄ እያስተካከልኩ። ለዓይን ጽሑፍ ነው፤ ለፕሮግራሙ ግን ፎቶ ነው።

ሁለተኛው ሞጁል በኮምፒውተር የተተየበ ስለሆነ ትንሽ ተረጋጋሁ። ድምፁ ግን የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት እያቀላቀለ ይለፈልፍ ጀመር። «አንተ፣ ይሄ የምን ቋንቋ ነው?» አለኝ እየሳቀ። (በዕድሜ እበልጠዋለሁ፤ ድሬ ላይ ግን አንቱታ ብዙ ቦታ የለውም።) አማርኛ ነበር። የተጻፈው በድሮ የግዕዝ ፎንት ነው። እነዚያ ፎንቶች የላቲን ፊደል ኮዶችን የ«ሀ»ን እና የ«ለ»ን መልክ አለበሷቸው እንጂ፣ ኮምፒውተሩ ውስጥ የተቀመጠው አማርኛ አይደለም። ፊደላችን ዩኒኮድ (ለዓለም ፊደላት ሁሉ የየራሳቸውን ኮድ የሚሰጠው የጋራ መስፈርት) ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ በአሮጌው ፎንት የተጻፈ ማስተማሪያ ግን ዛሬም ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ይዞራል።

ለማወቅ ቀላል ነው። ከሰነዱ አንድ መስመር ኮፒ አድርጋችሁ ቴሌግራም ላይ ፔስት አድርጉ። አማርኛው እንዳለ ከመጣ ዩኒኮድ ነው። ዝብርቅርቅ ከመጣ አሮጌ ፎንት ነው። ጽሑፉ ጭራሽ አልመረጥ ካለ ስካን ነው። የእኛ አገር ኮርሶች የሚወድቁት በአብዛኛው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ገና ፊደሉ ላይ።

የተደራሽነት መስፈርት የሚባለው ደግሞ ደብሊው ስሪ ሲ፣ ማለትም የድረ ገጽ መስፈርቶችን የሚያዘጋጀው ዓለም አቀፍ ድርጅት፣ የሚያወጣው የድረ ገጽ ይዘት ተደራሽነት መመሪያ ነው፤ በምህጻር ደብሊው ሲ ኤ ጂ ይሉታል። የመጀመሪያው እትም የወጣው በዚያው በ1999 ነው፤ 2.2 የተባለው ደግሞ በ2023። ፍሬ ነገሩ ይዘቱ ለማያይም ለማይሰማም መድረስ እንዲችል፣ ገጹ በኪቦርድ ብቻም እንዲታዘዝ፣ ለመረዳት እንዳያስቸግርና በተለያየ መሣሪያ እንዲሠራ ነው። ኤ፣ ደብል ኤ እና ትሪፕል ኤ የሚባሉ ሦስት ደረጃዎች አሉት፤ ብዙውን ጊዜ የሚጠየቀው ደብል ኤ ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም አንቀጽ 9 ላይ ኢንተርኔትን በስሙ ጠርቶ ያነሳዋል።

ከቁጥሮቹ አንዱን ብቻ ልንገራችሁ፤ 4.5 ለ1። ተራ ጽሑፍና ከበስተኋላው ያለው ቀለም ቢያንስ ይህን ያህል የብርሃን ልዩነት ሊኖራቸው ይገባል። ጥቁር በነጭ ላይ 21 ለ1 ነው። ስላይድ ላይ የምናየው ደማቅ ቢጫ በነጭ ላይ 1.07 ለ1 ገደማ ነው፤ የለም ብንል ይቀላል። በድሬ የቀትር ፀሐይ ስልኩን አውጥቶ ለማንበብ የሞከረ ሰው፣ ዓይኑ ደህና ቢሆንም፣ ይህ ቁጥር ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ምስል ደግሞ ስክሪን ሪደሩ የሚያነብለት የጽሑፍ መግለጫ ያስፈልገዋል፤ «ምስል 3» ብሎ መጻፍ መግለጫ አይሆንም። «ከጅቡቲ ተነስቶ በድሬዳዋ በኩል አዲስ አበባ የሚገባ የባቡር መስመር ካርታ» ሲባል ግን ያላየውም ያውቀዋል። ለጌጥ የገባ ምስል ከሆነ መግለጫውን ባዶ መተው ነው ትክክሉ፤ አለዚያ ተማሪው የአበባ ሐረግ ሲቆጠርለት ይውላል። ቪዲዮ ላይ ንግግሩ በጽሑፍ ከሥር መውጣት አለበት። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን «እንደምታዩት ይሄ ወደዚህ ይሄዳል» የሚለው መምህር ነው። ምኑ ወዴት? «ደሙ ከሳንባ ወደ ልብ ይመለሳል» ቢል ምን ያስከፍለዋል?

በመጨረሻ ፈተናው ላይ ደረስን። ጥያቄው ደህና ተነበበ፤ ከዚያ «ሬዲዮ በተን፣ ሬዲዮ በተን፣ ሬዲዮ በተን፣ ሬዲዮ በተን»። ሬዲዮ በተን መልስ ሲመረጥ የሚነካው ትንሽ ክብ ነው። አራቱ ምርጫዎች ከክቦቹ ጎን ተጽፈዋል እንጂ በኮድ ከክቦቹ ጋር አልተያያዙም፤ የሚያገናኛቸው ዓይን ብቻ ነበር። እሱን ለማስተካከል ግማሽ ሰዓትም አልፈጀብኝም። ስካን የተደረገው ሞጁል ግን ገና እየተተየበ ነው። ገጽ 61 ላይ ሳጥኖቹ እርስ በርስ የተዋሃዱበት ሠንጠረዥ አለ፤ በድምፅ ሲነበብ የትኛው ቁጥር የየትኛው ርዕስ እንደሆነ ይጠፋል፤ ለሁለት ልከፍለው ነው።