«ቅኔ ቢያልቅበት ቀረርቶ ሞላበት»፦ ትርጉሙ፣ መነሻውና ለአማርኛ መምህርነት ፈተና ያለው ጥቅም

ተከራካሪ ማስረጃው ተሟጦ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ፣ ተናጋሪ ሐሳቡ ነጥፎ በውዳሴና በዛቻ ሰዓቱን ሲገፋ፣ ከአድማጮች አንዱ ወደ ጎን ዘንበል ብሎ «ቅኔ ቢያልቅበት ቀረርቶ ሞላበት» ይላል። ቁም ነገር ሲጎድል በሆታ ማካካስ ማለት ነው። «ቅኔው ቢያልቅበት»፣ «ቅኔ ቢጎድልበት»፣ «ቅኔ ሲያልቅበት» የሚሉም አሉ። አባባሉ ዝም ላለ ሰው አይነገርም፤ ተናዶ ለጮኸ ሁሉም አይሆንም። ከሰውየው የሚጠበቅ ቁም ነገር መኖር አለበት፤ በዚያ ቦታ ደግሞ ሌላ ነገር ተተክቶ መገኘት አለበት።

የወጣበትን ሰፈር ቃላቱ ራሳቸው ያሳብቃሉ። ቅኔ ለዕለቱ ተቆጥሮ (ማለትም ተደርሶ) በቤተ ክርስቲያን በዜማ የሚቀርብ አዲስ ድርሰት ነው፤ ትናንት የተባለውን ዛሬ መድገም ያስነውራል። የእያንዳንዱ የቅኔ ዓይነት ልክም በቤት፣ ማለትም በስንኝ ቁጥር፣ የታወቀ ነው። ጉባኤ ቃና 2 ቤት አለው፣ ዘአምላኪየ 3፣ ዋዜማ 5፣ ሥላሴ 6፣ መወድስ 8። ደቀ መዝሙሩ ከጉባኤ ቃና ተነስቶ ደረጃ በደረጃ ወደ መወድስ ይወጣል። መወድስ የጀመረ ሰው ስድስተኛው ቤት ላይ ቢነጥፍበት ሁለት ቤት መጉደሉን መምህሩም ጓደኞቹም እዚያው ያውቁበታል። «ሞላበት» የሚለው ግሥ ክብደቱን የሚያገኘው ከዚህ ነው፤ ልኩ የታወቀ ባዶ ቦታ አለ፣ የሆነ ነገር ሊገባበት ግድ ነው።

ቀረርቶ የጦር ሜዳና የግብር አዳራሽ ድምፅ ነው። ከሽለላና ከፉከራ ጋር አብሮ ይነሳል፤ ወኔ ይቀሰቅሳል። ስንኞቹ አብዛኞቹ ከአፍ ወደ አፍ ሲወርዱ የመጡ፣ አድማጩ አስቀድሞ የሚያውቃቸው ናቸው። ስለዚህ አባባሉ የሚያነጻጽረው ከፍ ያለና ዝቅ ያለ ጥበብን አይደለም፤ አሁን ተደክሞበት የሚወለድን ቃልና ተዘጋጅቶ የተቀመጠን ቃል ነው። «አባባሉ ቀረርቶን ይንቃል» የሚል አማራጭ በፈተና ቢመጣ አጥማጅ ምርጫ መሆኑን እዚህ ላይ ማወቅ ይቻላል። (ቅኔም «ይዘረፋል»፣ ፎካሪም «ዘራፍ!» ይላል፤ ሁለቱ ዓለማት አንድ ሥር መጋራታቸው አባባሉን የበለጠ ያጣፍጠዋል።)

ይህ አባባል ለመውጫ ፈተናም ሆነ ለመምህራን የሙያ ፈቃድ ምዘና ለሚዘጋጅ የአማርኛ መምህር ልክ የሚሆነው የዝግጅቱ ዋና ችግር ራሱ ቀረርቶ ስለሆነ ነው። የዘይቤ ስሞችን ከነብያኔያቸው በቃል የሸመደደ ተፈታኝ ያልታወቀ ስንኝ ሲቀርብለት ብያኔው አይመልስለትም። የምርጫ ጥያቄ ብያኔን ብዙ አይጠይቅም፤ አዲስ ዓረፍተ ነገር አምጥቶ «ይህ የቱ ነው?» ይላል። ስለዚህ ሃምሳ ቃል ከመሸምደድ አንዲት መስመርን እስከ ሥሯ መበተን ይሻላል። ለዚህም ከራሱ ከአባባሉ የተሻለ መለማመጃ አይገኝም።

ከምጣኔው እንጀምር። ብዙ ተፈታኝ የሚወድቀው ቀለም (ሲነገር አናባቢ ያለውን ድምፅ) ሲቆጥር ፊደል ስለሚቆጥር ነው። «ቅኔ ቢያልቅበት» በፊደል 8 ነው፤ «ቀረርቶ ሞላበት»ም 8። ይህን ያየ ተፈታኝ «8 በ8፣ ስለዚህ የጸጋዬ ቤት» (በባለቅኔው በጸጋዬ ገብረ መድኅን ስም የሚጠራው የግጥም ምጣኔ) ብሎ ያከብባል፤ ተሳሳተ። አናባቢ የሌለው ሳድስ አይቆጠርም። በመጀመሪያው ሐረግ «ል» እና የመጨረሻው «ት» ይወድቃሉ፤ በሁለተኛው «ር» እና «ት»። የቀረው 6 እና 6 ነው፤ ይህም የወል ቤት ምጣኔ ነው። «ቅ» ሁለት ጊዜ ሳድስ ሆና መጥታ ሁለቴም መቆጠሯን ልብ ይሏል፤ ሳድስ መሆን ብቻውን አያስጥልም፣ ሲነገር አናባቢ አለው ወይ ብሎ ጮክ ብሎ ማንበብ ያስፈልጋል። ከላይ የተጠቀሱት ልዩ ልዩ አባባሎችም ቢቆጠሩ 6 ከመሆን አይወጡም፤ «ቅኔው» ላይ የተጨመረችው «ው» አናባቢ የላትም፣ «ቢጎድልበት»ም እንደ «ቢያልቅበት» 4 ቀለም ነው። ሕዝቡ ቃሉን ሲለዋውጥ ምቱን አልነካም። ለማነጻጸሪያ ሰንጎ መገን 5 በ5፣ ቡሄ በሉ 4 በ4 ነው።

ሰዋስው ላይ ደግሞ ወርቁ ያለው «በት» ላይ ነው። «ቢያልቅበት» ሲበተን «ብ»፣ «ይ»፣ «አልቅ»፣ «ብ»፣ «ኧት» ይሆናል፤ አምስት ምዕላድ (ትርጉም ያለው የመጨረሻ ትንሹ የቃል ክፍል)። የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ለመለየት የሚያልቅበትን ሰው መቀያየር በቂ ነው፦ አለቀብኝ፣ አለቀብህ፣ አለቀበት፣ አለቀባት። «ብ» ባለችበት ትቆያለች፤ ሰውን የሚያመለክተው ክፍል ብቻ ይለወጣል። ይህች «ብ» ቢያንስ ሦስት ሥራ አላት። ጉዳት ታሳያለች («ፈረደበት»፣ ተቃራኒው «ፈረደለት»)፣ መሣሪያ ታሳያለች («የጻፈበት እስክሪብቶ»)፣ ቦታ ታሳያለች («የተቀመጠበት ወንበር»)። በ«ቢያልቅበት» ውስጥ ያለችው የጉዳት መሆኗ አያከራክርም። «ሞላበት» ላይ ግን ጉዳዩ ይጠነክራል። «ሞላ» ተሳቢ ሳይፈልግም («ወንዙ ሞላ»)፣ ተሳቢ ይዞም («ማሰሮውን ሞላ») የሚገባ ግሥ ነው። ስለዚህ ባለቤቱ ሰውየው ከሆነ ቀረርቶ ተሳቢ ነው፣ «በት»ም ቅኔው የነበረበትን ቦታ ያሳያል። ባለቤቱ ቀረርቶው ከሆነ ደግሞ ቀረርቶ ራሱ መጥቶ ሰውየው ላይ ሞላበት ማለት ነው፣ «በት»ም የጉዳት ይሆናል። ሁለቱም ንባቦች ያስኬዳሉ፤ ከዐውድ ውጭ አንዱን ብቻ ትክክል የሚያደርግ ጥያቄ ካጋጠመ ጥያቄው ራሱ ችግር አለበት።

«ቢ»ም የምታሳስት ናት። ተፈታኙ «ቢ»ን እንዳየ «ሁኔታዊ» ብሎ ይመልሳል። ማሰሪያ አንቀጹን (ዓረፍተ ነገሩን የሚዘጋውን ግሥ) ሳያዩ መመለስ አይገባም። «ቢያልቅበት ይሞላበታል» ቢሆን ኖሮ ሁኔታዊ ነው፤ እዚህ ግን ማሰሪያው «ሞላበት» የሚል ኃላፊ ስለሆነ ነገሩ ሆኖ ያለፈ ነው። «ቢጠሩት አልሰማም» እንደሚባለው ዓይነት።

የቃል ክፍል ጥያቄ ላይ የትኛውን ሰዋስው እንደያዙ ማወቅ ነጥብ ያድናል። በባየ ይማም «የአማርኛ ሰዋስው» (1987 ዓ.ም.) የቃል ክፍሎች አምስት ናቸው፦ ስም፣ ግሥ፣ ቅጽል፣ ተውሳከ ግሥ፣ መስተዋድድ። ነባሮቹ ሰዋስዎች ተውላጠ ስምን፣ መስተጻምርንና ቃለ አጋኖን ለየብቻ ይቆጥራሉ። ሁለቱን ማደባለቅ የተለመደ ስሕተት ነው።

ከዘይቤ አንጻር አባባሉ ለሰው ሲነገር ክርክሩ ቅኔ፣ ጩኸቱ ቀረርቶ ተብሏል፤ «እንደ» ወይም «ይመስል» የለምና ተነጻጻሪ አይደለም፣ ተለዋጭ ነው። ሰምና ወርቅ ነው የሚሉም አይጠፉም፤ ቅኔ የሚል ቃል ስላለበት ይመስላል። ሰምና ወርቅ ለመሆን ሁለት ፍቺ የሚሸከም ኅብረ ቃል ያስፈልጋል፤ እዚህ የለም። ስውር ትርጉም ያለው ሁሉ ሰምና ወርቅ አይደለም። ፈሊጣዊ አነጋገርም አይደለም፤ «እጅ ሰጠ» በሰው ይረባል፣ እጅ ሰጠሁ፣ እጅ ሰጡ ይባላል፣ አባባላችን ግን ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሆኖ እንደቆመ ይጠቀሳል።

ደራስያን ላይ ቀረርቶው «አንጋፋው»፣ «ስመ ጥሩ»፣ «ታላቁ» የሚሉት ቃላት ናቸው፤ ለአንድ ጥያቄ እንኳ መልስ አይሆኑም። ለእያንዳንዱ ደራሲ ትንሽ ካርድ አውጥቶ አራት ነገር መጻፍ ይበጃል፦ ዘውጉ፣ ዓመቱ ከነዘመን አቆጣጠሩ፣ ሴራው በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ ከሌላው የሚለይበት የአጻጻፍ ብልሃት። ሴራው ሲጻፍ «ከዚያ» የሚለው ቃል ከበዛ የተጻፈው ታሪክ ነው፤ «ስለዚህ» እና «ምክንያቱም» ሲገቡ ነው ሴራ የሚሆነው። ዓመቱን በተመለከተ የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» ሮም የታተመው በ1900 ዓ.ም. ነው፤ 1908 የሚለው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ሁለቱም ቁጥሮች በአማራጭነት ተቀምጠው ሲገኙ የሚያድነው ከቁጥሩ ጎን የተጻፈው አቆጣጠር ነው።

ካርዶቹን በፊደል ተራ ከመደርደር በዝምድና ማገናኘት ይበልጥ ይይዛል። ከዚሁ አባባል ብንነሳ ቅኔ ወደ ሀዲስ ዓለማየሁ ይወስዳል፤ «ፍቅር እስከ መቃብር» (1958 ዓ.ም.) ውስጥ በዛብህ የጎጃም የቤተ ክህነት ተማሪ ነው። ቅኔና የግጥም ምጣኔ ደግሞ ወደ መንግሥቱ ለማ ያደርሳሉ፤ የሊቁን የአባቱን የአለቃ ለማ ኃይሉን ትዝታ በመጽሐፍ ያስቀረ ነው፣ በተውኔት በኩል «ጠልፎ በኪሴ» እና «ያላቻ ጋብቻ» ካርዱ ላይ ይገባሉ፣ ሁለቱም ኮሜዲ ናቸው። 8 በ8 ምጣኔው ወደ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ይመራል፤ ካርዱ ላይ «እሳት ወይ አበባ»ን ጽፎ ከመጽሐፉ አንድ ስንኝ በእጅ መቁጠር፣ ከዚያም ከአባባሉ 6 በ6 ጋር ጎን ለጎን ጮክ ብሎ ማንበብ ነው። ልዩነቱን ጆሮ አንዴ ከያዘው ሠንጠረዥ አያስፈልግም።