ራም ላይ የተጻፈው 12800 ምንድን ነው?

ደሴ ፒያሳ ሱቅ ገብታችሁ «8 ጊጋ ራም» (የኮምፒውተር ጊዜያዊ ማስታወሻ) ብትሉ ይሰጧችኋል፤ መግጠሙ ሌላ ጉዳይ ነው። መጀመሪያ ዴስክቶፑን ከሶኬት ንቀሉና የነበረውን ራም አውጥታችሁ ተለጣፊውን አንብቡ። ፒሲ3 (PC3) ካለ ዲዲአር3፣ ፒሲ4 (PC4) ካለ ዲዲአር4 ነው፤ ዲዲአር የራም ዓይነት ሲሆን ቁጥሩ ትውልዱ ነው።

ሰው የሚደናገረው ቀጥሎ ባለው ቁጥር ነው። «ፒሲ3-12800» የሚለውና «ዲዲአር3-1600» የሚለው አንድ ዕቃ ነው፦ 1600 በ8 ሲባዛ 12800፣ ማለትም በሴኮንድ የሚያስተላልፈው ሜጋባይት። ስለዚህ 12800 ከ1600 ይበልጣል ብሎ ዋጋ ለሚጨምርባችሁ ሳቁበት።

የነበረውና አዲሱ ራም አብረው ገብተው ፍጥነታቸው ቢለያይ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም በቀርፋፋው ልክ ይሠራሉ። ዲዲአር3 ግን ዲዲአር4 ማስገቢያ ላይ አይገባም፤ ከታች ያለችው ቁርጥ ቦታዋ አትገጥምም። «ጫን አድርገው» የሚል ካለ እጁን ያዙት። የላፕቶፕ ራም ደግሞ አጭር ነው፤ ለዴስክቶፕ አይሆንም።