ናይትሪክ ኦክሳይድ በእንክብል አይገዛም

ናይትሪክ ኦክሳይድ ሰውነታችን ራሱ የሚያመርተው፣ ደም ሥርን የሚያሰፋ ጋዝ ነው። ጥርስ ሐኪም ዘንድ የሚሳበው «የሳቅ ጋዝ» አይደለም፤ ያ ናይትረስ ኦክሳይድ ነው። የደም ሥርንም ገፍቶ አይከፍትም። በትንንሾቹ ደም ቅዳዎች ዙሪያ የተጠመጠመው ጡንቻ ውስጥ ሳይክሊክ ጂኤምፒ የሚባል መልእክት አስተላላፊ ሞለኪውል እንዲመረት ያደርጋል፤ ካልሲየሙ ይቀንሳል፣ ጡንቻው ይላላል፣ ደም ሥሩ ይሰፋል።

«የአንጎል ክፍል ሲሠራ ደም የሚጨመርለት ኦክስጅን ስላለቀበት ነው» መባሉም ልክ አይደለም። ነርቮች ግሉታሜት የሚባለውን መልእክት አስተላላፊ ኬሚካል ሲለቁ ካልሲየም ወደ ተቀባዩ ህዋስ ይገባና ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚያመርተውን ኢንዛይም ያስነሳል፤ የተመረተው ናይትሪክ ኦክሳይድ አጠገቡ ያለውን ደም ሥር ያሰፋል። ብቻውንም አይደለም፤ ፖታሲየምና ፕሮስታግላንዲን ያግዙታል። የሚመጣው ኦክስጅን ከሚቃጠለው ይበልጣል፤ የአንጎልን ሥራ በምስል የሚያሳየው ኤፍኤምአርአይ የሚያነበውም ይህንን ትርፍ ነው።

ማረም የሰለቸን ግን «አርጂኒን ዋጥ፣ የአንጎልህ ደም ሥር ይከፈታል» የሚለው ነው። አዎ፣ ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚሠራው ከአርጂኒን፣ ማለትም ከአንድ አሚኖ አሲድ (የፕሮቲን መሥሪያ) ነው። ነገር ግን ጤነኛ ህዋስ ውስጥ ያለው አርጂኒን ኢንዛይሙ ከሚፈልገው በላይ ነው፤ ከተዋጠውም ብዙው አንጀትና ጉበት ውስጥ አርጂኔዝ በሚባል ኢንዛይም ይፈርሳል። ናይትሪክ ኦክሳይድ ራሱ የሚቆየው ሰከንዶች ነው፣ ደም ውስጥ ከገባ ሂሞግሎቢን ይይዘዋል፤ ስለዚህ በሚፈለግበት ቦታ፣ በሚፈለግበት ቅጽበት መመረት አለበት።

ደም ግፊት፣ ስኳርና ሲጋራ የሚጎዱትም አርጂኒን እንዲያንስ በማድረግ አይደለም። ሱፐሮክሳይድ የሚባል ጎጂ የኦክስጅን ዓይነት ይበዛል፣ ናይትሪክ ኦክሳይዱን ይበላዋል፤ ቢኤች4 የተባለው የኢንዛይሙ ረዳት ሲበላሽ ደግሞ ኢንዛይሙ ራሱ ሱፐሮክሳይድ ማምረት ይጀምራል። እዚህ ላይ አርጂኒን ማከል ምንም አይጠግንም። እ.ኤ.አ. በ2006 በታተመ ጥናት የልብ ጥቃት (ሃርት አታክ) ለደረሰባቸው ሕሙማን በቀን ሦስት ጊዜ 3 ግራም አርጂኒን ለመስጠት ታቅዶ ነበር፤ አርጂኒን ከወሰዱት 6 ሰዎች ሞቱ፣ ካልወሰዱት ግን አንድም አልሞተም፤ ጥናቱ ተቋረጠ። ገንዘባችሁን ለግፊት መድኃኒታችሁ አውሉት፤ ሲጋራውንም ተዉት።

ቀይ ሥር በሌላ መንገድ ይሠራል፦ ውስጡ ያለውን ናይትሬት የምላስ ባክቴሪያ ወደ ናይትራይት ይለውጠዋል፤ እሱም ሰውነት ውስጥ ናይትሪክ ኦክሳይድ ይሆናል። በክሎርሄክሲዲን (ጀርም ገዳይ የአፍ ማጠቢያ) አፉን የሚጉመጠመጥ ሰው ባክቴሪያዎቹን ስለሚገድላቸው ጥቅሙን ያጣል። የሚገኘውም መጠነኛ የግፊት መቀነስ ነው፤ መድኃኒት አይተካም።

«በሰፋ ቁጥር ይሻላል» የሚለው ደግሞ አደገኛ ነው። የመላ ሰውነት ደም ሥር አንድ ላይ ሲሰፋ ግፊት ይወርዳል፤ አንጎልም ደም ያጥረዋል። ለብልት መቆም ችግር የሚሰጡት ሲልዴናፊልና ታዳላፊል፣ ለደረት ሕመም የሚሰጠው ናይትሮግሊሰሪንም ደም ሥር ያሰፋሉ፤ ስለዚህ ሲልዴናፊል የወሰደ ሰው 24 ሰዓት፣ ታዳላፊል የወሰደ 48 ሰዓት ሳይሞላው ናይትሮግሊሰሪን ምላሱ ሥር ማድረግ የለበትም፤ ደረቱን ቢያመው እንኳ የዋጠውን ለሐኪሙ ይንገር።