ቁልፉ ተነቅሎም የማይጠፋ ቮልስ

አንድ ሰማያዊ ቮልስ ከለገሃር ተነስቶ የቸርችል ጎዳናን ዳገት ወጣና ማዘጋጃ ቤቱ አካባቢ ቆመ። ሾፌሩ ቁልፉን ነቅሎ ወረደ። ሞተሩ ግን "ዱግ... ዱግ... ኳ!" እያለ፣ የኋላ መከላከያውን እያንቀጠቀጠ ቀጠለ። ከስንት ጊዜ በኋላ ዝም አለ። የተሰበሰበው ሰው ሁሉ የየራሱን ምክንያት ሰጠ። በየጋራዡ የምሰማቸው ምክንያቶች ናቸው። በእነሱ የተነሳ ስንት ጤነኛ ዕቃ ሲቀየር አይቻለሁ።

"ቁልፉ ተበላሽቷል፣ ባትሪውን ንቀለው!"
ብዙውን ጊዜ ቁልፉ ምንም አልሆነም። ቁልፉ ሲጠፋ ቤንዚኑን የሚለኩሰው ካንዴላ ብልጭታ መስጠት ያቆማል። ከዚያ በኋላ ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለው በፒስተኑና በቫልቩ ላይ ተጋግሮ እንደ ፍም የጋለው ጥላሸት ነው። ስለዚህ ባትሪ መንቀል አይረዳም። መለያው ድምፁ ነው። ሞተሩ እየተንገጫገጨ ከዞረ ችግሩ የሙቀት ነው። ምንም እንዳልተፈጠረ ለስለስ ብሎ ከቀጠለ ግን የኤሌክትሪክ መስመሩን ጠርጥሩ። ቁልፉ ጠፍቶ፣ ለካንዴላው ኃይል የሚሰጠው ቦቢና ጋ ኤሌክትሪክ ከደረሰ ጥፋቱ እዚያ ነው።

"ሚኒሞው ከፍ ሲል ለመኪናው ጥሩ ነው"
ሚኒሞ መኪናው ቆሞ፣ ቤንዚን ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት ነው። የብዙዎቹ አሮጌ መኪኖቻችን ችግር እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። አዲስ አበባ ከባህር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ከባህር ዳርቻው በሩብ ገደማ ይሳሳል። ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ካርቡራተር (አየርና ቤንዚን የሚቀላቅለው ዕቃ) እዚህ ሲመጣ ቤንዚን ያበዛል፣ ሞተሩ ይደክማል፣ የትራፊክ መብራት ላይ ሲቆም ይጠፋል። መካኒኩም ሚኒሞውን ያስነሳለታል። መጥፋቱ ይቀራል፤ ግን የካርቡራተሩ የአየር በር ክፍት ስለሚቀር፣ ቁልፉ ከጠፋም በኋላ ሞተሩ አየርና ቤንዚን ይስባል። የበዛው ቤንዚን ደግሞ ጥላሸት ይጨምራል። ክፍቱ በርና ጥላሸቱ ተደጋገፉ ማለት ነው።

ቮልስ ሞተሩ ሞቆ በሚኒሞ ሲዞር በደቂቃ ከ800 እስከ 900 ዙር ይበቃዋል። በኋለኞቹ የቮልስ ካርቡራተሮች ላይ ዙሩ የሚስተካከለው በጎን ባለው ትልቅ ብሎን ነው፤ የአየር በሩን የሚያስቆመውን ብሎን አትንኩ። መጀመሪያ የአየርና የቤንዚኑ ቅልቅል ይስተካከል፣ ከዚያ ዙሩ።

"ካርቡራተሩ ይቀየር"
ከመቀየሩ በፊት ካርቡራተሩ ላይ ሽቦ የተሰካባትን፣ የአውራ ጣት የምታህል ሲሊንደር ፈልጉ። ቁልፉ ሲጠፋ የሚኒሞውን ቤንዚን የምትዘጋው እሷ ናት። ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፉን ክፈቱ፤ ሽቦዋን ንቀሉና መልሳችሁ አስነኩት። "ቀጭ" ካለች ትሠራለች። ዝም ካለች መጀመሪያ ሽቦው ላይ ኤሌክትሪክ መኖሩን ፈትሹ። ካለ፣ የሚቀየረው እሷ ብቻ ናት።

"ካንዴላ ሁሉ አንድ ነው"
አይደለም። ጥርሱ ገብቶ ቢጠብቅም ለሞተሩ የማይሆን ሙቅ ካንዴላ አለ፤ ጫፉ ግሎ እሳት ይለኩሳል። ቁጥሩንም ልብ በሉ፦ ኤንጂኬ በሚባለው የካንዴላ ምርት ቁጥሩ ሲጨምር ካንዴላው ቀዝቃዛ ነው፣ በቻምፒዮን ግን ተቃራኒው።

"ጥፋቱ የቤንዚኑ ነው"
ደካማ ቤንዚን ያባብሳል። ብቻውን ግን ሲያስቸግር እምብዛም አላየሁም፤ በስስ አየር ሞተሩ ያን ያህል ጠንካራ ቤንዚን አይጠይቅም።

"ይልመድበት፣ ጉዳት የለውም"
ይህን ስሰማ ያመኛል። እያንዳንዱ "ኳ" ፒስተኑንና ኩሽኔታውን ይመታል። አንዳንዴም ሞተሩ ወደ ኋላ ይዞራል፤ ያን ጊዜ የዘይት ግፊት የለም። ዳገት ወጥታችሁ ስትቆሙ ለአንድ ደቂቃ ያህል በሚኒሞ አዙሩትና አጥፉት። አሁንም እምቢ ካለ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳቡ፣ የእግሩን አጥብቃችሁ ርገጡ፣ አራተኛ ማርሽ አስገቡና ፍሪሲዮኑን (ማርሽ ሲቀየር የሚረገጠውን ፔዳል) ቀስ ብላችሁ ልቀቁ። ወዲያው ይቆማል።