ማይክሮኮንትሮለር ከኮምፒውተር ሲሪያል ፖርት ጋር መገናኘቱን ማወቅ

አንድ ማይክሮኮንትሮለር (መሣሪያዎችን የሚቆጣጠር፣ በአንድ ቺፕ ላይ ያለ ትንሽ ኮምፒውተር) ከኮምፒውተር ሲሪያል ፖርት (ዳታ ቢት በቢት ተራ በተራ ከሚተላለፍበት በር) ጋር «ተገናኝቷል» ሲባል አራት የተለያዩ ነገሮች ሊታሰቡ ይችላሉ፦ ገመዱ መሰካቱ፣ ኮምፒውተሩ ፖርቱን ማወቁ፣ አንድ ፕሮግራም ፖርቱን መክፈቱ፣ በቺፑ ውስጥ ያለው ፕሮግራም እየሠራ መልስ መስጠቱ። በዚህ ሥራ ብዙ ጊዜ የሚባክነው ከአራቱ አንዱ ሲረጋገጥ ሌሎቹም የተረጋገጡ ስለሚመስል ነው።

እ.ኤ.አ. በ1960 የወጣው አርኤስ 232 የተሰኘው መስፈርት ለዚህ ጥያቄ ራሱን የቻለ ሽቦ መድቦ ነበር። ባለ 9 ፒኑ ማገናኛ ላይ ኮምፒውተሩ «ዝግጁ ነኝ» የሚለው በ4ኛው ፒን፣ ማለትም በዲቲአር ሲሆን፣ የወዲያኛው መሣሪያ ዝግጁነት በ6ኛው ፒን ይነበባል። ማይክሮኮንትሮለር ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚገናኘው በመላኪያ፣ በመቀበያና በግራውንድ ሽቦዎች ብቻ ነው። አንዳንድ ገመዶች ደግሞ 4ኛውንና 6ኛውን ፒን በራሳቸው ማገናኛ ውስጥ ስለሚያጣምሩ ኮምፒውተሩ የራሱን ምልክት መልሶ ያነባል።

ዛሬ ግንኙነቱ በአመዛኙ በዩኤስቢ ነው። መሣሪያው ሲሰካ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ የአምራቹንና የምርቱን መለያ ቁጥር ይጠይቃል፤ በአሥራ ስድስት ቤት አቆጣጠር 2341 የማይክሮኮንትሮለር ቦርዶች አምራች የሆነው የአርዱዊኖ መለያ ሲሆን፣ 0403 ደግሞ የቺፕ አምራቹ የኤፍቲዲአይ ነው። ስለዚህ የፖርቶችን ዝርዝር በእነዚህ ቁጥሮች ማጣራት ጥሩ መነሻ ነው። ይሁን እንጂ ፖርቱ የማን እንደሆነ ማስተዋል ያስፈልጋል፦ በመካከል ዩኤስቢን ወደ ሲሪያል የሚቀይር ቺፕ ካለ በዝርዝሩ ላይ የሚታየው እሱ ነው እንጂ ማይክሮኮንትሮለሩ አይደለም። መቀየሪያው ለብቻው የተሠራ ከሆነ ማይክሮኮንትሮለሩ ተነቅሎ ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጥ እንኳ ፖርቱ እንደነበረ ይታያል። በተቃራኒው ኃይል መሙያ ሽቦዎች ብቻ ባሉት ገመድ የተሰካ ቦርድ መብራቱ እየበራ ከዝርዝሩ ላይ ጨርሶ አይገኝም።

ቦርዱ በበኩሉ ኮምፒውተሩን ማወቅ ሲፈልግ መልሱ እንደ ቦርዱ ዓይነት ይለያያል። ዩኤስቢ በራሱ ውስጥ ያለው አርዱዊኖ ሊዮናርዶ አንድ ፕሮግራም ፖርቱን ከፍቶ ዲቲአርን ሲያነሣ ያውቃል፤ ኡኖ የተባለው ሌላው የአርዱዊኖ ቦርድ ግን ማንም ባይኖርም ሁልጊዜ «ተገናኝቷል» የሚል መልስ ይሰጣል። «ፖርቱ እስኪከፈት ጠብቅ» የሚል መስመር የተጻፈበት ሊዮናርዶ በባትሪ ብቻ ሲሠራ እዚያው ቆሞ የሚቀረው ለዚህ ነው። በኡኖ ላይ የዲቲአር መስመር በ100 ናኖፋራድ ካፓሲተር በኩል ከሪሴት ፒኑ ጋር የተያያዘ በመሆኑ፣ ለማጣራት ብቻ ፖርቱን መክፈት ቦርዱን እንደገና ያስነሣዋል፤ ስለዚህ ጠያቂው ፕሮግራም ከመናገሩ በፊት ሁለት ሴኮንድ ያህል መታገሥ አለበት።

እርግጠኛው ማረጋገጫ ጠይቆ መልስ መቀበል ነው። የኡኖ ቡትሎደር (ቦርዱ ሲነሣ መጀመሪያ የሚሠራው ትንሽ ፕሮግራም) ራሱ የሚሠራው እንዲህ ነው፦ 48 እና 32 የሆኑ ሁለት ባይቶች ሲደርሱት 20 እና 16 ብሎ ይመልሳል። በራስ ፕሮግራምም አጭር ጥያቄ መላክ፣ የመጠበቂያ ጊዜ መወሰንና መልሱ ትክክለኛ መሆኑን መፈተሽ ይገባል፤ ምንም ያልተያያዘበት የመቀበያ ፒን ከአካባቢው የኤሌክትሪክ ረብሻ የተነሣ ትርጉም የለሽ ባይቶችን ሊያነብ ስለሚችል፣ የሆነ ነገር መድረሱ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

ግንኙነት በሥራ መካከልም ይቋረጣል። በሊኑክስ ላይ ፕሮግራሙ የቀድሞውን ፖርት ሳይዘጋ ገመዱ ተነቅሎ ቢሰካ፣ ዜሮ ቁጥር የነበረው ፖርት 1 ተብሎ ሊመጣ ይችላል፤ ስለዚህ ፍለጋው በስም ሳይሆን በመለያ ቁጥር ቢሆን ይሻላል። ተመሳሳይ መለያ ያላቸው ሁለት ቦርዶች ሲኖሩ ደግሞ እያንዳንዱ በመልሱ ውስጥ የራሱን ስም እንዲናገር ማድረግ ያስፈልጋል።