ፕሮስፔክት ምንድን ነው?

ባለፈው እሑድ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ቡና ላይ ተቀምጠን ስለ ዋሽንግተኑ የቤዝቦል ቡድን ስለ ናሽናልስ እናወራ ነበር። አንዱ ወዳጃችን ስልኩን አወጣና ፍሬድሪክስበርግ፣ ከናሽናልስ የታች ቡድኖች በአንዱ፣ የሚጫወት አንድ ልጅ ባቲንግ አቨሬጅ አሳየን፤ ለመምታት ከቆመባቸው ተራዎች ምን ያህሉ እንደተሳኩ የሚያሳይ ቁጥር ነው። «0.330 እየመታ ነው! ፕሮስፔክት ማለት ይሄ ነው። ምን ይጠብቃሉ? ለምን ዋሽንግተን አያመጡትም?» አለ። ወዲያው እዚያው ቡድን ያለ ሌላ ልጅ አነሳ። «ይሄ ግን 0.220 ነው የሚመታው። በቃ፣ ከሽፏል። ከፕሮስፔክት ዝርዝር ያውጡት።»

ይህን ስሰማ የመጀመሪያዬ አይደለም። ውድድሩ በጀመረ በወሩ በየዓመቱ እሰማዋለሁ። ቡድናችን ከ2019ኙ (እ.ኤ.አ.) ዋንጫ በኋላ ሲወርድ ደግሞ ባሰበት። ሰው ዋናውን ቡድን ማየት ሲያመው ዓይኑን ወደ ማይነር ሊግ፣ ልጆች ወደሚያድጉባቸው የታች ደረጃዎች፣ ያዞራል። ማዞሩን እወድለታለሁ። ግን ቃሉ ያለ ቦታው ሲገባ ልጆቹ ላይ የማይገባ ፍርድ ይወድቃል፤ እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው።

ፕሮስፔክት «አሁን ጥሩ እየተጫወተ ያለ ወጣት» ማለት አይደለም። «አድጎ ሜጀር ሊግ (ዋናው ሊግ) ሲገባ ምን ያህል ይጠቅማል?» ተብሎ ግምት የተጣለበት ልጅ ማለት ነው። ቃሉ የሚናገረው ስለ ነገ ነው። የዛሬው ቁጥር ለግምቱ ከሚገቡት ነገሮች አንዱ ነው፤ ታች ባሉት ደረጃዎች ደግሞ ከደካሞቹ አንዱ ነው። ፕሮስፔክት መባሉ የሚያበቃበትም ጊዜ አለው። ሜጀር ሊግ ላይ 130 አት ባት (የመምታት ተራ) ያለፈ መቺ ወይም 50 ኢኒንግ (የጨዋታ ዙር) ያለፈ ፒቸር (ኳስ ወርዋሪ) ጀማሪ መባሉ ይቀራል። ከዚያ ወዲያ ስለሱ የሚወራው በሠራው ሥራ ነው።

እናቴ ጠላ ስትጠምቅ እያየሁ ነው ያደግሁት። ፕሮስፔክት ለኔ ጥንስስ ነው። ጌሾው ተወቅጦ ከውሃ ጋር ጋን ውስጥ ሲገባ ቀምሶ «ይሄ ጠላ መራራ ነው» የሚል የለም። ጥንስስ ይመራል፤ መምረርም አለበት። እናቴ ጥንስሱን የምታውቀው በጣዕሙ አልነበረም። ክዳኑን ከፍታ ታሸታለች። አረፋውን ታያለች። ሥራ መጀመሩን ከዚያ ትለያለች። ጥሩ ስካውትም (ተጫዋች መልማይ) እንደዚሁ ነው። ዱላው ምን ያህል ይፈጥናል? ኳሷ ስትመታ በምን ኃይል ትወጣለች? ልጁ ከመምቻው ክልል ውጪ የሚመጣውን ኳስ ይተዋል ወይስ ይወናጨፍበታል? አረፋው ይሄ ነው። ወዳጃችን ግን ጥንስሱን በብርጭቆ ቀድቶ እየጠጣ ነው የሚፈርደው።

ምሳሌውን ትንሽ ልግፋው። ብቅሉ ገብቶ፣ ቂጣው ተፈርፍሮ ሲጨመርበት ድፍድፍ ይሆናል። በቤዝቦል ድፍድፉ ደብል ኤ፣ ከሜጀር ሊግ ሁለት ደረጃ ዝቅ ያለው፣ ነው፤ የኛዎቹ ሃሪስበርግ ናቸው። ፍሬድሪክስበርግ ላይ ፈጣን ኳስ ብቻ እየጠበቀ 0.330 የመታ ልጅ ሃሪስበርግ ሲደርስ የሚታጠፈውን ኳስ በፈለገበት ቦታ የሚጥል ፒቸር ይገጥመዋል። ብዙ ጥንስስ የሚበላሸው እዚህ ነው። ከዚያ ውሃ ተጨምሮበት የሚከደንበት ሮቼስተር አለ፣ ትሪፕል ኤ፣ ከሜጀር ሊግ በፊት የመጨረሻው ደረጃ። ጋኑም ራሱ ዋጋ አለው። በግራዋ ታጥቦ በወይራ ካልታጠነ ምርጡ ጌሾም አያድነውም። ቡድን ልጆቹን የሚያሠለጥንበት መንገድ ማለቴ ነው። ምሳሌው እዚህ ላይ ይቆማል፤ ምክንያቱም የእናቴ ጠላ አብዛኛውን ጊዜ ይደርስ ነበር። ፕሮስፔክት አብዛኛውን ጊዜ አይደርስም። የጋን ክርንም አይጎዳም።

ወደ ቁጥሩ ልመለስ። ወዳጃችን ያልጠየቀው ጥያቄ ዕድሜ ነው። ማይነር ሊግ እንደ አንድ ክፍል ተማሪዎች እኩዮች የሚወዳደሩበት ቦታ አይደለም። ናሽናልስ በ2025 ድራፍት፣ ቡድኖች አዳዲስ ልጆችን በተራ በሚመርጡበት፣ የመጀመሪያውን ምርጫ አግኝቶ ኤላይ ዊሊትስን ሲወስድ ልጁ ገና 17 ዓመቱ ነበር። እንዲህ ያለ ልጅ ኮሌጅ ጨርሰው ከመጡ የ22 እና የ23 ዓመት ወጣቶች ጋር አንድ ሜዳ ላይ ይገኛል። 19 ዓመት ሆኖት ደብል ኤ ላይ 0.250 የሚመታ ልጅና 25 ዓመት ሆኖት እዚያው 0.310 የሚመታ ቢቀርቡልኝ፣ ሌላ ምንም ሳላውቅ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ። ትልቁ በመታው ኳስ ላይ ዕድሜው ረድቶታል። ትንሹ ያለ ጊዜው ከትልልቆች ጋር ተጋፍጦ አልሰመጠም።

የናሽናልስ መቺ የነበረውን ሁዋን ሶቶን አስታውሱ። 2018ን የጀመረው ሃጀርስታውን፣ ከደብል ኤ በታች ባለው ሲንግል ኤ ላይ ነው። ደብል ኤ ላይ የተጫወተው 8 ጨዋታ ብቻ ነው። ሜይ 20 ቀን 2018 ዋሽንግተን ገባ፤ 19 ዓመቱ ነበር። «ታዲያ ይኸው! ቶሎ ማምጣት ይቻላል» ይሉኛል። ይቻላል። ግን ሶቶን ያመጣው የባቲንግ አቨሬጁ አልነበረም። በዚያ ዕድሜ ኳስ መርጦ የመተው ዓይኑ ነው፤ ያ ዓይን ደግሞ ደረጃ ሲቀየር አብሮ ይሄዳል።

ሥራዬ ስታቲስቲክስ ነው፤ ስለዚህ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። እውነተኛ ችሎታው 0.270 የሆነ መቺ 100 አት ባት ቢሰጠው ስንት ሂት (የተሳካ ምት) ያገኛል? 27 ብላችሁ አትቁሙ። በዕድል ብቻ ከ23 እስከ 31 ድረስ ይዋዥቃል፤ ከሦስት አንዴ ያህል ከዚያም ይወጣል። ስለዚህ በመጀመሪያው ወር 0.230 የመታውና 0.310 የመታው አንድ ዓይነት ችሎታ ያላቸው ልጆች ሊሆኑ ይችላሉ። ይህ ስሌት ደግሞ እያንዳንዱ አት ባት ከሌላው ነፃ ነው፣ ፒቸሮቹም እኩል ናቸው ብሎ ነው የሚነሳው። በእውነት ግን እኩል አይደሉም። ትክክለኛው መዋዠቅ ከዚህም ሊሰፋ ይችላል።

ሜዳውም ይለያል። አልበከርኪ፣ ሌላ የትሪፕል ኤ ቡድን ያለበት ከተማ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,500 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ሲሳሳ ኳስ ትርቃለች። አዲስ አበባ ላይ ኳስ የተጫወተ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልገውም። ስለዚህ እዚያ የሚጫወት የሌላ ቡድን ልጅና ሮቼስተር ያለው የኛ ልጅ በሆም ረን (ከሜዳ በሚወጣ ምት) ቁጥር ብቻ ሲነጻጸሩ ስሰማ ዝም ማለት አልችልም።

ሌላው የሚቆረቁረኝ የስካውቶች ነጥብ ነው። ከ20 እስከ 80 ይሰጣሉ። አንድ አስተያየት ሰጪ በቅርቡ ስለ አንድ የኛ ልጅ «50 ብቻ ነው ያገኘው፤ ለጥቂት ነው ያለፈ» ሲል ሰማሁ። ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ሁላችንም 50 የማለፊያ ነጥብ በሆነበት ትምህርት ቤት ነው ያደግነው። እዚህ ግን 50 ማለት የሜጀር ሊግ አማካይ ማለት ነው። በምድር ላይ ካሉት ምርጥ ተጫዋቾች መካከል መካከለኛ ይሆናል እያሉት ነው! 60 ከሆነ ከ100 የሜጀር ሊግ ተጫዋቾች 84ቱን ያህል ይበልጣል እንደማለት ነው። ይሄም ነጥቡ በትክክል ከተከፋፈለ ነው፤ የሰው ዓይን የሰጠው ነጥብ ሁልጊዜ እንዲያ አይከፋፈልም።

«ታዲያ ዝርዝሩ ራሱ ይዋሽ የለ እንዴ?» የሚለኝም አለ። ከ2018 በፊት በፕሮስፔክት ዝርዝር ላይ ሌላው የናሽናልስ ልጅ ቪክቶር ሮብልስ ከሶቶ በላይ ነበር የሚቀመጠው። ሮብልስ የ2019ኙ ቡድን የመሐል አውትፊልድ (የኋላ ሜዳ) ተጫዋች ሆነ፣ ዋንጫም በላ፤ ከዚያ ዱላው ለዓመታት ቀዘቀዘ፤ በ2024 ቡድናችን አሰናበተውና ሲያትል ሄዶ እንደገና ነፍስ ዘራ። ብሪየን ቴይለር በ1991 የድራፍቱ የመጀመሪያ ምርጫ ነበር፤ ትከሻው ተጎዳና አንድም ቀን ሜጀር ሊግ ሳይጫወት ቀረ። ከታላላቅ መቺዎች አንዱ የሆነው አልበርት ፑሆልስ ግን በ1999 በ13ኛው ዙር፣ 402ኛ ሆኖ ነው የተመረጠው። እነዚህን ስም ጠርቶ ዝርዝሩን ውሸት ማለት ቀላል ነው። ግን ፑሆልስን የምናስታውሰው ስለወጣ ነው። በ13ኛው ዙር ተመርጠው የት እንደደረሱ የማናውቃቸውን ማን ይቆጥራል? ዝርዝሩ ዕድልን ያስቀምጣል፤ ከላይ ያለው ከታች ካለው የተሻለ ዕድል አለው ይላል። ሰባ በመቶ ይዘንባል ተብሎ ሳይዘንብ ቢቀር ትንበያው ዋሸ አይባልም።

መክሸፍና መውጣትም ጥቁርና ነጭ አይደሉም። ጄምስ ዉድ በ2022 ሶቶ ወደ ሌላ ቡድን ሲዛወር በምትኩ ከመጡት አንዱ ነው። ማይነር ሊግ ሳለ «ስትራይክ አውት ይበዛበታል»፣ ማለትም ኳሱን ሳይመታ ተራው ይቃጠላል፣ ይባል ነበር። እውነት ነበር። በ2025 ኦል ስታር (ከሊጉ ምርጦች አንዱ) ሆነ፣ 31 ሆም ረን መታ፣ 221 ጊዜም ስትራይክ አውት ሆነ። ያኔ የታየው ድክመትም የታየው ኃይልም ሁለቱም አብረውት ወጡ።

እሑድ ዕለት ወዳጃችንን አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁት። «0.330 የሚመታው ስንት ዓመቱ ነው?» ስልኩን አየ። 23። «ሁለተኛውስ?» 18። ትንሽ ዝም አለና ሁለተኛው ልጅ መጥፎ ኳስ እየተወ ስንት ጊዜ በነፃ ወደ መጀመሪያው ቤዝ እንደሚያልፍ ይፈልግ ጀመር። ቅዳሜ ፍሬድሪክስበርግ አብረን ልንሄድ ተቀጣጥረናል። ከመቺው ጀርባ፣ ኳሷ ስትታጠፍ ከሚታይበት ቦታ ትኬት ይዣለሁ።