የእድር ደብዳቤ የሞት የምስክር ወረቀት አይደለም

ባሕር ዳር ውስጥ ሰው ሲሞት እድሩ ድንኳን ይተክላል፤ የቀብሩ ቦታ በቤተ ክርስቲያን ወይም በሙስሊም መካነ መቃብር ይዘጋጃል። ሐዘንተኛው ታዲያ ሁሉም ነገር ያለቀ ይመስለዋል። አላለቀም።

የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760/2004 ሞት በ30 ቀን ውስጥ በክብር መዝገብ ሹም (ልደትን፣ ጋብቻንና ሞትን በሚመዘግበው የመንግሥት ሠራተኛ) ዘንድ እንዲመዘገብ ያዛል። ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ «አርባው ይውጣና» እየተባለ ሲጠበቅ ቀነ ገደቡ ያልፋል። እባካችሁ፣ ከተዝካሩ በፊት አስመዝግቡ።

የማስመዝገብ ግዴታው በቅድሚያ ያለበት ከሟች ጋር አብሮ ይኖር የነበረው ሰው ነው፤ እርሱ ከሌለ የሥጋ ወይም የጋብቻ ዘመድ፣ ዘመድም ከሌለ ጎረቤት። ሟች በሆስፒታል ካረፈ የሕክምና ማስረጃውን ያዙ። የእድር ደብዳቤ ለባንክ ገንዘብም ሆነ ለውርስ ከምዝገባው የሚገኘውን የሞት የምስክር ወረቀት አይተካም።